ጥያቄውን ጥዬባት ሄድኩ

አክስቴ ልጇን የቀበረች ሰሞን ነው። እኔ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አንድ የፍልስፍና ኮርስ ወስጄ፣ ሁለት ሦስት መጽሐፍ አገላብጬ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔ ብቻ የነቃሁ ይመስለኝ ነበር። አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ማንንም ሳታይ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል፣ «እሱ ምክንያት አለው። ያለ ምክንያት አይወስድም» አለች።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። እጇን መያዝም ይቻል ነበር። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ።

«ምን ዓይነት ምክንያት ነው አክስቴ? ማዳን እየቻለ ካላዳነ ቸር ነው አይባልም። ማዳን ፈልጎ ካልቻለ ደግሞ ሁሉን ቻይ አይደለም።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። ክርክሩ የኔ እንኳን አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለል የመጣ ነው። ያን ቀን ግን ራሴ የፈጠርኩት ያህል ኩራት ተሰምቶኛል። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይሄን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አለችና ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ትንሽ ቆይቼ ተሰናብቻት ወጣሁ። በሳምንቱ ረሳሁት። ያስታወሰችኝ ራሷ ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። እሱን እደርስበታለሁ።

ፍልስፍና ማኅበረሰብን ሊጎዳ ይችላል ወይ ሲባል ሁለት ዓይነት መልስ ነው የምሰማው። አንዱ «ፍልስፍና ባዶ ወሬ ነው፤ ማንንም አይጠቅም፣ ማንንም አይጎዳ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፍልስፍና ብርሃን ነው፤ የሚጎዳው ድንቁርና ነው» ይላል። ይህን ሁለተኛውን የሚሉት ፍልስፍና የሚወዱ ሰዎች ናቸው። እኔም ለብዙ ዓመት ስለው ነበር። ሁለቱ ወገኖች በምንም አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ይገጥማሉ። ፍልስፍና ከደሙ ንጹሕ ነው።

የጥንት ሰዎች እንዲህ በቀላሉ አያልፉትም ነበር። ሄጌሲያስ የሚባል የቀሬና ፈላስፋ ነበር። የሕይወት መከራ ከደስታዋ እንደሚበዛ ያስተምራል። ሲሴሮ እንደጻፈው፣ ትምህርቱን ሰምተው ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ስለ በዙ የግብፁ ንጉሥ ፕቶሌሚ ማስተማሩን ከለከለው። ነገሩ ተጋኖ ሊሆን ይችላል። ንጉሡ ግን «ወሬ ነው፣ ተዉት» አላለም።

ሶቅራጥስንም እንውሰድ። የእሱን ታሪክ የሰማነው እንደ ተረት ተስተካክሎ ነው። ደግ ሽማግሌ፣ ደንቆሮ ከተማ፣ አንድ ጽዋ መርዝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 አቴና ውስጥ ተከሰሰ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከተማዋ የምታመልካቸውን አማልክት አይቀበልም፣ አዳዲስ አማልክት ያመጣል፣ ወጣቶችን ያበላሻል ተባለ። ፈረዱበት። መርዙን ጠጥቶ ሞተ።

ተረቱ የሚዘለው ከዚያ አምስት ዓመት በፊት የሆነውን ነው። በ404 አቴና በስፓርታ ተሸነፈች። «ሠላሳዎቹ» የሚባሉ ገዢዎች ተሾሙባት። እነዚህ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ 1,500 ያህል ሰው ገደሉ፤ ንብረት ወረሱ፤ ብዙ ሰው ከአገር አሳደዱ። ከሁሉም የከፋው ክሪቲያስ ነበር። ክሪቲያስ ደግሞ አንድ ወቅት ከሶቅራጥስ ሥር የማይጠፋ ሰው ነበር። አገሩን ከድቶ ለስፓርታ ያደረው አልኪቢያዴስም እንዲሁ።

ሠላሳዎቹ ከወደቁ በኋላ አቴናውያን ምሕረት አወጁ። የድሮ የፖለቲካ ጥፋት እያነሱ መክሰስ ተከለከለ። ስለዚህ የክሪቲያስ ስም ክሱ ላይ ሊገባ አይችልም። ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን አይስኪኔስ የሚባል ተናጋሪ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ሶቅራጥስን የገደላችሁት ክሪቲያስን ስላስተማረ ነው ብሎ ለዳኞቹ በግልጽ ነገራቸው። ያን የሚያህል ዘመን አልፎም የተረሳ ነገር አልነበረም።

ሶቅራጥስ ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም። ሠላሳዎቹ አንድ ንጹሕ ሰው ይዛችሁ ኑ ብለው ከሌሎች ጋር ሲልኩት፣ ሌሎቹ ሄዱ፤ እሱ ወደ ቤቱ ሄደ። ያን ያደረገ ሰው ሊገደል ይችል ነበር። እኔ የምለው ስለ ዳኞቹ ነው። 500 ያህል ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ወንድሙ ወይም አባቱ በሠላሳዎቹ የተገደለበት ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ አይከብድም። ያ ሰው አደባባይ ላይ ጎረምሶች ከብበውት «ፍትሕ ምንድነው?» እያለ ሲጠይቅ የነበረውን ሽማግሌ ያስታውሳል። ከነዚያ ጎረምሶች አንዱ ኋላ ምን እንደሠራም ያስታውሳል። ፍርዱ ስሕተት ነው። ፍርሃቱን ግን ከድንቁርና ልቆጥረው አልችልም።

ከዚህ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ሲያስቀኝ የነበረው የሮም ታሪክ ነው። በ155 ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴና 500 ታለንት ቅጣት ተጥሎባት ነበር። ኦሮጶስ የምትባል ከተማ ዘርፋ ነው የተቀጣችው። ቅጣቱን ለማስቀነስ ወደ ሮም መልእክተኛ ላከች። ማንን? ሦስት ፈላስፎችን። (ቅጣት ለማስቀነስ ጠበቃ ሳይሆን ፈላስፋ የሚላክበት ዘመን ነበረ ማለት ነው። ደስ ይላል።) ከሦስቱ አንዱ የፕሌቶን ትምህርት ቤት የሚመራው ካርኔያዴስ ነበር።

ካርኔያዴስ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ለሮማውያን ንግግር አደረገ። በመጀመሪያው ቀን ፍትሕን አወደሰ። ሕዝቡ በአድናቆት ሰማው። በማግስቱ ተመልሶ መጣና ያወደሰውን ሁሉ ብትንትኑን አወጣው። ፍትሕ የሚባለው ለየአገሩ ጥቅም የተበጀ ነገር ነው አለ። ሮማውያን የምር ፍትሐዊ ልሁን ካሉ የወሰዱትን ሁሉ መልሰው ወደ ጎጆ ቤታቸው መግባት አለባቸው አለ። ወጣቶቹ አበዱለት። ሌላ ወሬ ጠፋ።

የሮሙ ፖለቲከኛ ሽማግሌው ካቶ ይህን ሲሰማ ምክር ቤቱን አጣደፈ። የነዚህን ሰዎች ጉዳይ ቶሎ ወስኑና ይሂዱ፤ እነሱ የራሳቸውን ልጆች ያስተምሩ፤ የሮም ልጆች ሕግና ሹማምንትን ይስሙ አለ። ተማሪ ሳለሁ ካቶ ለእኔ የቂሎች ሁሉ አባት ነበር። ሐሳብ ፈርቶ ሰው የሚያባርር ሽማግሌ!

አሁን ሳስበው ግማሽ ሐቅ አለው። ካርኔያዴስ ሁለቱን ንግግሮች አድርጎ መርከብ ላይ ወጣ። ተጠራጣሪነት ሥራው ነው፤ ሁለቱንም ወገን አሳይቶ ፍርድን ማቆየት የትምህርት ቤቱ ልማድ ነው። አቴና ሲመለስ ተከራካሪ ተማሪዎች ይጠብቁታል። ሮም የቀሩት ልጆች ግን ያንን ልማድ አያውቁትም። የቀረላቸው ነገር ቢኖር ፍትሕ ተረት ነው የሚል ጣፋጭ ንግግር ነው። እነዚህ ልጆች ነገ ጦር የሚመሩ፣ አውራጃ የሚገዙ ናቸው። ጠያቂው ሲሄድ ጥያቄው እነሱ ዘንድ ቀረ።

ግማሽ ሐቅ ያልኩት ግን ግማሽ ስለሆነ ነው። ለሮም የሚያስፈልጋት የሁለተኛው ቀን ንግግር ነበር። ካቶ ራሱ በዕድሜው መጨረሻ በየንግግሩ ማብቂያ «ካርቴጅ ትጥፋ» እያለ የወተወተ ሰው ነው። የሮም ባላንጣ የነበረችው ካርቴጅም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ጠፋች። የተረፈው ሕዝቧ ለባርነት ተሸጠ። ለዚያ ፍልስፍና አላስፈለገም። ማንም «ይህ ፍትሕ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የሚጎዳው ማን ነበር?

ፕሌቶ ይህን ሁሉ ቀድሞ ያየ ይመስለኛል። ስለ መልካም መንግሥት በጻፈው ትልቁ ሥራው ውስጥ፣ ወጣቶች ክርክር መጀመሪያ ሲቀምሱ እንደ ቡችላ ናቸው ይላል። ያገኙትን ሁሉ መጎተትና መቦጨቅ ደስ ይላቸዋል። ሰውን ይረታሉ፤ በሰው ይረታሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ድሮ ከሚያምኑት አንዱንም አያምኑም። በነሱ ምክንያት የፍልስፍና ስም ይጠፋል። ስለዚህ ሰው 30 ዓመት ሳይሞላው ይህን ትምህርት አትስጡት ብሎ መከረ። እኔ ያን ቀን አክስቴ ፊት ስቀመጥ ገና 20 ዓመቴ ነበር። ቡችላውን አውቀዋለሁ።

ለዚህ ነገር አማርኛችን ጥሩ ቃል አለው። ጥራዝ ነጠቅ። እንዲያውም ይህ ቃል ለብዙ ዓመት መሸሸጊያዬ ነበር። ፍልስፍና አይጎዳም፤ የሚጎዱት ጥራዝ ነጠቆች ናቸው። በደንብ ያነበበ፣ እስከ ሥሩ የወረደ ሰው አይጎዳም። መልሱ ያምራል። ችግሩ አንድ ሰው ብቻ ያፈርሰዋል፤ ሴፑልቬዳ።

ሁዋን ሂኔስ ደ ሴፑልቬዳ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ስፔናዊ ሊቅ ነው። ጥራዝ ነጠቅ ቢሉት ጥራዙ ራሱ ይስቃል። የአርስቶትልን የፖለቲካ መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ላቲን የተረጎመ ሰው ነው። በዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል አርስቶትል አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ይላል። ለሌላ መታዘዝ ለነሱም ይበጃቸዋል ይላል። ሴፑልቬዳ ይህን ይዞ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ተመለከተና እነዚህ ናቸው አለ። በጦር ማስገበር፣ ከዚያም ማስተማር ይገባል አለ።

በ1550 ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ አስገራሚ ነገር አደረገ። ወረራው ፍትሐዊ መሆኑ እስኪጣራ ክርክር ይደረግ ብሎ ሊቃውንትን ቫያዶሊድ ከተማ ሰበሰበ። ወራሪ መንግሥት «መውረሬ ልክ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ የለም። ይህም የፍልስፍና ሥራ ነው፤ እሱን አልክድም። በአንድ በኩል ሴፑልቬዳ ቆመ። ሦስት ሰዓት ያህል ተናገረ። በሌላ በኩል ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ የሚባል መነኩሴ ጳጳስ ቆመ። አምስት ቀን አነበበ። እንግዲህ አድማጮቹን እግዜር ይያቸው።

ላስ ካሳስም አርስቶትልን ያውቃል። «አረመኔ» የሚለው ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው እየለየ፣ የሴፑልቬዳን ማስረጃ በራሱ በአርስቶትል ቋንቋ እያፈረሰ ነው የተከራከረው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ትምህርት፣ ያው ሃይማኖት። ታዲያ ልዩነታቸው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የማገኘው መልስ ለፍልስፍና መጽሐፍ የማይመጥን ተራ ነገር ነው። ላስ ካሳስ በ1502 ባሕሩን ተሻግሮ እዚያ ኖሯል። የሰዎቹን ጉልበት በዝብዟል፤ እሱም እንደ ሌላው ስፔናዊ አገልጋዮች ተሰጥተውት ነበር። ግፉን በዓይኑ አይቶ በ1514 ተዋቸው። ሴፑልቬዳ ደግሞ አንድም ቀን ባሕሩን አልተሻገረም። በተፈጥሮ ባሪያ ናቸው ያላቸውን ሰዎች በአገራቸው አላየም።

ላስ ካሳስን ጻድቅ ላደርገው አይደለም። ቀደም ሲል ነባሮቹን ለማሳረፍ ከአፍሪካ ባሪያ ይምጣ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አጠገቡ ያለውን ሰው ለማዳን ያላየውን ሰው አሳልፎ ሰጠ። ኋላ ክፉኛ ተጸጸተበት፤ ጸጸቱንም ጻፈው። ያላዩትን ሰው በሐሳብ መስጠት ለደግ ሰውም ቀላል ነው።

የቫያዶሊድ ዳኞች ደግሞ ጥርት ያለ ፍርድ ሳይሰጡ ተበተኑ።

እዚህ ላይ «አርስቶትልን ያላግባብ ተጠቀሙበት» የሚል ይኖራል። ይህ ሰበብ አንዳንዴ እውነት ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኒቼ በ1889 መጀመሪያ አእምሮውን ከሳተ በኋላ ወረቀቶቹ በእህቱ እጅ ገቡ። እሱ ይጠላው ለነበረው የጸረ አይሁድ ፖለቲካ እሷ ቅርብ ነበረች። ናዚዎች እንደ ራሳቸው ሰው ሲያከብሩት እሱ ሞቶ ስንት ዓመቱ። ለሱ እሟገታለሁ። አርስቶትል ግን ያለው ያንኑ ነው። ማንም አልጠመዘዘበትም። እኛ ፍልስፍና ወዳዶች የምናደርገውን ታውቃላችሁ? ሐሳቡ ፍሬው ሲያምር «የፍልስፍና ውጤት ነው» እንላለን፤ ሲመርር «ያላግባብ ተጠቅመውበት ነው» እንላለን። ሲያምር የኔ ልጅ፣ ሲያጠፋ የጎረቤት ልጅ።

በ1961 ኢየሩሳሌም ውስጥ ለፍርድ የቀረበው አዶልፍ አይክማን ሚሊዮኖችን ወደ ሞት ካምፕ ያጓጓዘ ሰው ነው። ሕይወቴን በፈላስፋው በካንት የሞራል መመሪያ ነው የኖርኩት ብሎ አረፈው። ዳኛው ማብራሪያ ሲጠይቀው የካንትን መርሕ ለትክክል በቀረበ መንገድ ተናገረ። ችሎቱን የተከታተለችው ሐና አረንት ይህን መዝግባዋለች። አይክማን ጥራዝ ነጠቅ ነው፣ እሺ። እሱን እንለፈው።

ማርቲን ሃይደገርን ግን ማለፍ አይቻልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩ ትልልቅ ፈላስፎች አንዱ መሆኑን ጠላቶቹም አይክዱም። በ1933 የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ሜይ 1 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ሬክተርነቱን በዓመቱ ለቀቀ፤ አባልነቱን እስከ 1945 አልለቀቀም። መምህሩ ኤድሙንድ ሁሰርል ትውልዱ አይሁድ ነበር። ሃይደገር በ1927 ያሳተመውን ትልቁን መጽሐፉን ለሁሰርል ነው ያበረከተው። በ1941 እትም ላይ ያ ገጽ የለም። ሁሰርል በ1938 ሲሞት ቀብሩ ላይ አልተገኘም።

እዚህ ጋ «ባሕር ተሻግሮ ያላየ» የምትለው ምክንያቴ ትንገዳገዳለች። ሁሰርል እሩቅ አልነበረም። በአንድ ኮሪደር ሲተላለፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎም ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ለማመን እኔ ፍራይቡርግ መሄድ አያስፈልገኝም። ከአክስቴ ጋር ጉልበታችን ሊነካካ ትንሽ ነበር የቀረው።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ሰው ደግሞ አለ። በ1930ዎቹ ቻርልስ ማሊክ የሚባል ሊባኖሳዊ ወጣት ሃይደገር ዘንድ ሊማር ፍራይቡርግ ሄደ። የናዚዎች ነገር ስላስጠላው ትቶ ወጣ፤ ሃርቫርድ ተመልሶ በ1937 በፍልስፍና ዶክትሬቱን ያዘ። በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲረቀቅ ከዋናዎቹ አርቃቂዎች አንዱ ይኸው ማሊክ ነበር። ሌላው ቻይናዊው ፔንግ ቹን ቻንግ ነበር። ሁለቱ ሰው ማለት ምን እንደሆነ ሲከራከሩ ነው የከረሙት። ያ ክርክር ከስብሰባው ሲወጣ ከመግለጫው ጋር ነው የወጣው። ዛሬም እስር ቤት ያለ ሰው የሚጠቅሰው ጽሑፍ ነው። ከአንድ የትምህርት ክፍል በር ሬክተሩም ወጣ፣ ማሊክም ወጣ። በሩን ልዝጋው ወይስ ልክፈተው?

መዝጋት የሞከሩ ነበሩ። በ1195 ኢብን ሩሽድ የሚባል ሙስሊም ፈላስፋ ከኮርዶባ ተግዞ የፍልስፍና መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። መጻሕፍቱ ግን በዕብራይስጥና በላቲን ተርጓሚዎች እጅ ተርፈው አውሮፓን አንቀጠቀጡ። ከሱ በፊት ፈላስፎችን የተቃወመው የእስልምና ሊቅ አል-ገዛሊ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ሐቀኛ ሆኖ ይታየኛል። መጀመሪያ የፈላስፎቹን ሐሳብ በደንብ አጥንቶ አብራርቶ ጻፈ። ከዚያ ነው የተቃወመው። ማብራሪያውን በላቲን ያነበቡ አውሮፓውያን እሱንም ፈላስፋ ነው ብለው ቆጠሩት!

አል-ገዛሊ ስለ ሒሳብ የጻፈው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሒሳብ ራሱ ምንም ስሕተት የለበትም፤ ሁለት ጉዳት ግን ይከተለዋል ይላል። አንዱ፣ ሰው የሒሳብን ጥራት አይቶ ሒሳብ የሚያውቁት ሰዎች የሚሉትን ሁሉ ማመኑ ነው። ሁለተኛው የሃይማኖት ወዳጅ የሆነ መሃይም የሚያመጣው ነው። ይህ ሰው ሃይማኖትን የረዳ መስሎት የፈላስፎቹን ዕውቀት ሁሉ ይክዳል። ስለ ፀሐይና ጨረቃ ግርዶሽ በትክክል ያሰሉትን ሳይቀር ውሸት ነው ይላል። ስሌቱ እውነት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የሚጠረጥረው ሃይማኖቱን ነው። ፍልስፍናን የሚቃወም ሰው የተቃዋሚነትንም ጉዳት አብሮ ሲቆጥር ያየሁት እሱ ዘንድ ነው።

አንድ ሰው ደግሞ ሲጠቅም እንይ። ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 አንድ ትንሽ መጽሐፍ ሲያሳትም ገና 26 ዓመቱ ነበር። ስሙንም አልጻፈበትም፤ ፈርቷል። በዚያ ዘመን ተጠርጣሪን እያሠቃዩ ማናዘዝ በብዙ የአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ የምርመራ መንገድ ነበር። ብዙ ዳኞች በሰላም ቤታቸው ገብተው የሚተኙበት ተራ ሥራ ነው። ቤካሪያ እንዲህ ሲል ጠየቀ። ሥቃይን የሚችለው ጠንካራው ወንጀለኛ ነው፤ የማይችለው ደካማው ንጹሕ ነው። ታዲያ ይህ ምርመራ ወንጀለኛን ነጻ አውጥቶ ንጹሑን የሚቀጣ አይሆንም ወይ? የሞት ቅጣትንም ተቃወመ። በ1786 የቶስካና ገዢ ሥቃይንም የሞት ቅጣትንም ከሕጉ አወጣ።

ይህንን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ የሎጂኩ ንጽሕና ነበር የማረከኝ። ኋላ ነው አንድ ነገር ያወቅኩት። ቤካሪያ ብቻውን ክፍሉ ዘግቶ አልጻፈውም። ሚላን ውስጥ ራሳቸውን በቀልድ «የቡጢ አካዳሚ» ብለው የሚጠሩ ጓደኞች ነበሩት። ከነሱ አንዱ አሌሳንድሮ ቬሪ ሥራው የእስረኞች ጠባቂነት ነበር፤ ጠባቂ ስል ወታደር ማለቴ አይደለም፤ አቤቱታቸውን የሚሰማ ሰው ማለቴ ነው። እስር ቤት እየገባ ያየውን መጥቶ ያወራቸዋል። ቤካሪያ በክርክሩ መካከል የሰው ጩኸት ይሰማ ነበር ማለት ነው፤ በጓደኛው ጆሮም ቢሆን።

የዘመናችንም ምሳሌ አለ። ፒተር ሲንገር በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ኩሬ ውስጥ የሚሰጥም ሕፃን ብታይ ልብሴ ይበላሻል ብለህ አታልፍም፤ እሩቅ አገር በረሃብ የሚሞተውንስ ለምን ታልፋለህ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ጥያቄ ተነስተው ገቢያቸውን የሚለግሱ፣ የወባ አጎበር የሚገዙ ብዙ ሰዎች አሉ። በዚሁ አስተሳሰብ ዙሪያ የተሰባሰበው እንቅስቃሴ ታዋቂ ልጅ የነበረው የክሪፕቶ ገንዘብ ነጋዴው ሳም ባንክማን ፍሪድም አለ። ብዙ ገንዘብ ሠርቶ ብዙ መስጠት ነበር መፈክሩ። የደንበኞቹን ገንዘብ አጭበርብሮ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፍልስፍናው ገፋፋው ወይስ ሽፋን ሆነለት? ልቡን ማየት አልችልም። ኩሬው ውስጥ ያለውን ሕፃን በሐሳቡ ሲያይ ገንዘቡን ያስቀመጠበትን ሰው እንዳላየ ግን አያለሁ።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ።

ያ ከሆነ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ልጠይቃት ሄጄ ስለዚህም ስለዚያም ስናወራ ቆየን። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ እንቅልፍ እምቢ ማለት። ልሄድ ብዬ ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«ስማ እስቲ። ያን ጊዜ የጠየቅከኝን መልሱን አገኘኸው?»

«የቱን?» አልኳት። የምሬን ነው፤ ምን እንደምትል አላወቅኩም።

«ማዳን እየቻለ ካላዳነ ያልከው ነዋ። ማዳን ካልቻለ ያልከው።»

ቃል በቃል ነው የያዘችው። እኔ እንኳን እንዲያ አድርጌ አልያዝኩትም ነበር። መተንፈስ አቃተኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«አልተቀየምኩህም። ሌሊት ሌሊት እያነሳሁ እጥለዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ መልሱ የመጣልኝ ይመስለኛል፤ ሲነጋ ይጠፋኛል። አንተ ተማሪ ነህ ብዬ ነበር። ያገኘዋል፣ መጥቶም ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«አላገኘሁትም» አልኳት። ፈልጌውም እንደማላውቅ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን እሱንም ነገርኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ አለች። ለምን እንደሳቀች ዛሬም አልገባኝም። ጫማዬን አውልቄ ተመልሼ ገባሁ፤ ወንበሩን ወደሷ ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ጀምር» አለችኝ። «መጀመሪያ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ማነው? እሱስ ልጅ ሞቶበት ነበር?»